ግራጫው ሲጠቁር

ሠዓሊዋ ፖስተሩን መጀመሪያ ያየችው ከመንገዱ ማዶ ሆና ነው። ዳቦ ልትገዛ እየተሻገረች፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ዓይኗ የባንኩ አጥር ላይ ሲያርፍ ፈገግ አለች። አቡሽን ያየች መስሏት ነው። አቡሽ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ጢሙን እየተላጨ፣ ፍሪጅ እየጠገነ ራሱን ችሎ የሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ ያ የልጅነት መጠሪያው እንደ መዥገር ተጣብቆበት ቀርቷል። «ይሄ ልጅ ደግሞ ሥራ ፈቶ አጥር ተደግፎ ቆመ?» አለች በሆዷ። ቀረብ ስትል ሰው ሳይሆን ወረቀት ሆኖ አገኘችው። ይበልጥ ስትጠጋ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ይፈለጋል» የሚለውን አነበበች። መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች።

ሥዕሉ የእሷ ነው። በገዛ እጇ፣ በገዛ እርሳሷ የሣለችው። ፊቱ ግን የወንድሟ ነው።

«መንገድ ልቀቂ እንጂ እህቴ!» አለ ከኋላዋ የመጣ መንገደኛ። ቀና ብሎ እሱም ወረቀቱን አየና ምራቁን እንትፍ አደረገ። «ይሄን ሰውዬ ፖሊስ ሳይቀድመኝ ባገኘው!» ብሎ አለፈ።  

ሰዉ እንዲህ የሚንገበገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁ የገበያ አዳራሽ ከተቃጠለ ገና ሳምንቱ ነው። የዕድሜ ልክ ጥሪቱ አመድ የሆነበት ነጋዴ ቁጥር ስፍር የለውም። ዕቃስ ይሁን፣ ዕቃ ነው፤ ዘበኛው ግን ውስጥ ቀርተዋል። የነጋዴውን ሁሉ ልጆች በየስማቸው የሚጠሩ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቱን ሰው ነው የለኮሰው የሚለው ወሬ ሲነዛ ሐዘኑ ወደ ቁጣ ዞረ፤ ቁጣው ደግሞ የሚያርፍበት ፊት አጥቶ ሲንቀዋለል ሰነበተ። ፊቱን የሰጠችው እሷ ሆነች።

እሷ የምትሠራበት ማተሚያ ቤት የጋሼ ነው። ጋሼ ብሎ የማይጠራቸው የለም፤ እሳቸውም ስማቸውን ሳይረሱት አልቀሩም። ሥራውን የጀመሩት ሥዕል እንጨት ላይ ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው፣ ወረቀት እየጫኑ ነበር። ቀጥሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ መሣል መጣ፣ ቀጥሎ ፎቶና ፊልም፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር። ከየዘመኑ አንዳንድ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አኑረው፣ የጠርሙስ መለጠፊያ ሊያሳትም የገባውን ደንበኛ ሁሉ፣ ቸኮለም አልቸኮለም፣ ታሪኩን ሳይግቱት አይለቁትም። «ሰው ፊደል ሳይኖረው ዋሻ ግድግዳ ላይ ሥሏል» ብለው ነው የሚጀምሩት። «ሥዕል ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። የሚያሳይ አለ፣ እንደ ፎቶ። የሚያስረዳ አለ፣ እንደ ካርታ፣ ሐኪም ቤት እንደሚሰቀለው የአጥንት ሥዕል። የሚያዝ ደግሞ አለ፤ ግዛ፣ ውደድ፣ ጥላ፣ ያዘው የሚል። ይሄን ሦስተኛውን ፍሩት። እውነት ሆነ ውሸት ደንታ የለውም፣ ከታዘዙለት ይበቃዋል።» ሠዓሊዋ ይህን ከመልመዷ ብዛት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራቸው ትለዋለች። አንድም ቀን ግን ከልቧ ሰምታው አታውቅም።

የእሳቱን ጉዳይ የያዘው የፖሊስ መርማሪ የተጠርጣሪውን ፊት ሊያሥል የመጣ ዕለት ጋሼ ፊታቸውን አጨፍግገው ወደ ጎን ጠሯት። «ይቅርብሽ ልጄ፣ ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» አሏት። መርማሪው በበኩሉ «የሰው ፊት መሣል እንደ እርስዎ የሚሆንለት እጅ እዚህ ከተማ የለም ብለውኛል» አላት። ሙገሳ ማን ይጠላል? ዓመቱን ሙሉ የሳሙና ካርቶንና የትምህርት ቤት ካርታ ስትሥል የኖረች ሴት፣ አሁን ነፍሰ ገዳይ ልታስይዝ ነው። እሺ አለች። ደስም አላት፤ ይህም መነገር አለበት።

ምስክሯ ልብስ ሰፊ ናቸው። ማታ መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲሰፉ፣ አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ከአዳራሹ ጓሮ ሲወጣ በመንገድ መብራት አይተውታል። ኋላ ክፍል፣ ከወረቀት ቁልሉ መሀል አስቀምጣቸው ትጠይቃቸው ጀመር።

«ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ሜዳ በይው። ቅንድቡ ጥቅጥቅ ያለ። ግራ ጆሮው ወደ ውጭ ገንጠል ያለ። ይሄን ይሄን እምላለሁ» አሉ።

«አፉስ እትዬ?»

«አፉማ፣ እንጃ ልጄ። አፍ ነዋ፣ እንደ ሰው አፍ።»

«አገጩስ? ጉንጩስ?»

«ኧረ እኔ እንጃ! ክር በመርፌ እስካስገባ ነው ያየሁት። ልጄን ልድርለት ነው እንዴ እንዲያ የማጠናው?»

ሁለቱም ሳቁ። አዎ፣ ስቀው ነበር።

ሠዓሊዋ ሰው በቃል የሚነግራትን ስትሥል የምትከተለው አንድ ደንብ አላት። ነጋሪው የማለበትን መስመር እርሳሷን ጫን አድርጋ ታጠቁረዋለች። «እንጃ» ያለውን ደግሞ እርሳሱን አጋድማ፣ ጢስ የመሰለ ግራጫ አድርጋ ታልፈዋለች። ጥቁሩ «ታይቷል» ማለት ነው፣ ግራጫው «አላውቅም» ማለት ነው። ለእሷ ይህ ቀንና ሌሊትን እንደ መለየት ቀላል ስለሆነ፣ ለመርማሪውም፣ ማተሚያውን ለሚያንቀሳቅሰው ማሽነኛም መንገር አለብኝ ብላ አላሰበችም። ፊት የሚሥል ሰው ሁሉ ይሄን ያውቃል ብላ ነው፤ ፖስተሩን የሚያየው ግን ፊት የሚሥል ሰው አይደለም። ግንባሩን፣ ቅንድቡንና ጆሮውን አጠቆረች፤ ከዓይን በታች ያለውን በግራጫ ሞላችው። ልብስ ሰፊዋ ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ውይ! ቁርጥ እሱን!» አሉ።

አሁን እንግዲህ ባንኩ አጥር ሥር ቆማ የምታየው ፊት ላይ ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ጥቁር ነው። በቀኝ በኩል ከፍ ያለችው ከንፈር፣ ሰርጎድ ያለችው አገጭ፣ ሁሉም ተምሎባቸው የተመሰከረ ይመስል ፈጥጠዋል። ወረቀቱን ከአጥሩ ቦጨቀችውና እየሮጠች ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። በየግድግዳው፣ በየምሰሶው፣ በየሱቁ በር ላይ አቡሽ ያያታል። ማታ የታተመውን ፖሊሶች ሌሊቱን ለጥፈውት አድረዋል።

«ግራጫውን የት አደረስከው?» ብላ ማሽነኛው ላይ ጮኸችበት።

ማሽነኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ። ክፋት የሌለው፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። «አጠቆርኩታ! ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ግራጫ ይጠጣል። ዝም ብዬ ባትመው ግንባርና ጆሮ ብቻ ቀርቶ ሰውዬው አፍ የሌለው ጭራቅ ይሆን ነበር። ፖሊሶቹ ከአውቶቡስ ላይ ይታይ አላሉም? እኔማ እጅህ ይባረክ ትለኛለች ብዬ!»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፖስተሩንና ዋናውን ሥዕል ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። በዋናው ላይ ያለው ሰው ማንንም አይመስልም፤ በጉም ውስጥ ያለ ሰው ነው። በፖስተሩ ላይ ያለው ግን ሊናገር የደረሰ ነው።

«ጥርጣሬሽን አጥቁሮ አተመው» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ግን ልጄ፣ ይሄን አገጭ ከየት አመጣሽው?»

እሷም ራሷን የጠየቀችው እሱኑ ነው። ከየት አመጣችው? እናቷ አቡሽን ወልደው ከተኙበት አልጋ ሥር ቁጭ ብላ፣ በትምህርት ቤት እርሳስ መጀመሪያ የሣለችው የሰው ፊት የእሱ ነው። ተኝቶ ሥላዋለች፣ አልቅሶ ሥላዋለች፣ ጥርሱ ወልቆ ሥላዋለች። እጅ የማያውቀው ቦታ ሲደርስ ወደሚያውቀው ይሄዳል፤ ውሃ ወደ ቁልቁለት እንደሚሄደው ነው። «እንጃ» የተባለውን ሁሉ ከወንድሟ ፊት እየቆረሰች ስትሞላ ኖራለች፣ ሳታውቀው።

«የአቡሽ ነው ጋሼ።»

ጋሼ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ማሽነኛው ማሽኑን አጠፋው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ደግሞ ፍርሃቱ ባሰ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ሐሳብ መጣባት። እሳቱ የተነሣ ሌሊት አቡሽ ጢስ ጢስ እየሸተተ፣ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ነበር የገባው። «ዕቃ ሳወጣ ለብልቦኝ ነው» አላት፣ እሷም ቅባት ቀብታለት ዝም አለች። ምናልባትስ? እጇ ተሳስቶ ሳይሆን ልብስ ሰፊዋ እውነት እሱን አይተውት ከሆነስ? ወንድሟን እንዲህ በመጠርጠሯ በራሷ አፈረች፤ ሐሳቡ ግን በማፈር አልሄደላትም። በገዛ ሥዕሏ የገዛ ወንድሟን መፍራት ጀምራለች።

አቡሽ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳውም። ዛሬ የት እንደሚውል ታውቃለች። የተቃጠለባቸው ነጋዴዎች ከአዳራሹ አጠገብ ሜዳው ላይ ሸራ ወጥረው መሸጥ ጀምረዋል፤ ከእሳት የተረፉ ፍሪጆቻቸውን እንዲያይላቸው እነሱው ጠርተውት ነው። እሳቱ የጎዳቸው እነዚያው ሰዎች መሀል በገዛ እግሩ ገብቷል።

«እኔ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ አንቺ ወንድምሽን ከዚያ አውጪው» አሉ ጋሼ ዋናውን ሥዕል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር እያደረጉ። «ሩጪ!»

ሜዳው ዳር ስትደርስ ጩኸቱን ሰማችው። የገበያ ጩኸት የተለየ ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ ይስቃል። ይሄኛው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። የሰውን ጀርባ እየገፋች፣ በክርን እየተመታች ወደ መሀል ገባች። አቡሽ ተንበርክኳል። ሸሚዙ ተቀዷል፣ ከቅንድቡ ደም ይወርዳል። ቀለም ሻጩ፣ ሱቁ እስከ መሠረቱ የነደደበት፣ አፍንጫው ሥር ኪንታሮት ያለበት ግዙፍ ሰው፣ ኮሌታውን ጨምድዶ ይዞታል፤ በሌላ እጁ ፖስተሩን ከአቡሽ ፊት አጠገብ አድርጎ ለሰዉ ያሳያል።

«እዩ! እዩ እስቲ! ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል?»

«እጁን ደግሞ እዩት፣ ተቃጥሏል!» አለች አንዲት ሴት።

«ላጠፋ ነው የገባሁት!» አለ አቡሽ። «የእናንተን ዕቃ ሳወጣ ነው! ያየኝ የለም? አንድ ያየኝ ሰው የለም?» ዓይኑ እየተንከራተተ በሰዉ ላይ ሲዞር እህቱን አገኛት። እንዲያ ሲያያት ጥርጣሬዋ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እሳት የለኮሰ ሰው እንዲያ አያይም።

ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጣች። «ስሙኝ! ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ!»

የሰዉ ፊት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንድ አዛውንት «እጅሽ ይባረክ ልጄ!» አሉ። «ይባረክ! ይባረክ!» አሉ ሌሎቹም። አንዷ እግሯን ነካ አድርጋ ሳመቻት።

«አይ! ተሳስቻለሁ! ይሄ ወንድሜ ነው! ምስክሯ አፉንና አገጩን አላዩትም፣ እኔ ነኝ ከራሴ የሞላሁት!»

«ወንድምሽ ነው?» አለ ቀለም ሻጩ። ኮሌታውን ይበልጥ አጠበቀው። «ሰማችሁ? እህቱ ናት የሣለችው! የእናቱ ልጅ መሰከረችበት!»

እጄን በእጄ ቆረጥኩት ማለት ይሄ ነው። የተናገረችው ሁሉ እየተገለበጠ ወንድሟ አንገት ላይ ገመድ ሆነ። አንዱ የአቡሽን ጎን በእግሩ መታው፣ ሌላው የብረት ዘንግ እያቀበለ ነው። ቃል እዚህ እንደማይሠራ ገባት። እነዚህ ሰዎች የሚያምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከማተሚያ ቤቱ ስትሮጥ ይዛው የመጣችውን ፖስተር ገለበጠችው፣ ጀርባው ነጭ ነው። ከእግሯ ሥር ከተቃጠለው ጣሪያ የወደቀ ከሰል አነሳች፤ ወረቀቱን የቆመ ምሰሶ ላይ ለጥፋ ያዘች። «የማሉበትን ብቻ እዩ! ሰፊ ግንባር!» አለች እየሣለች። «ጥቅጥቅ ያለ ቅንድብ! ገንጠል ያለ ግራ ጆሮ! ይሄ ነው የታየው፣ ሌላው አልታየም! አሁን የፈለግሁትን አፍ ባደርግበት፣ የፈለግሁትን አገጭ ባደርግበት እሱን ይሆናል!» እጇ ይፈጥናል። ሰፊ አፍ አደረገች፣ ከባድ አገጭ አደረገች፣ አፍንጫው ሥር ያለችውን ኪንታሮት ጨመረች። ያደረገችው አጠገቧ ያለውን ፊት ነው። ቆይታ ስታስበው፣ ቅርብ ስለነበረ ነው ልትል ትችል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የወንድሟን አንገት የያዘው እሱ ስለሆነ ነው።

ከሰሉን ስታነሳ ምሰሶው ላይ ቀለም ሻጩ ቆሟል።

«አያችሁ?» አለች እያለከለከች። «ማንንም መሆን ይችላል! ገባችሁ? ማንንም!»

ሰዉ ሥዕሉን አየ። ቀለም ሻጩን አየ። መልሶ ሥዕሉን አየ። እሷ የጠበቀችው ራሱን እየነቀነቀ የሚበተን ሰው ነበር። ከኋላ ግን አንድ ድምፅ፣ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ዝግ ብሎ፣ «የዚያን ሌሊት እሱስ የት ነበር?» አለ።

«ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር» አለ ሌላው።

«ቀለሙንና ቤንዚኑንስ ማን ነው የሚሸጠው?»

ቀለም ሻጩ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። እጁ ከአቡሽ ኮሌታ ላይ ሳያስበው ተፈታ። «እናንተ ሰዎች፣ እኔ እኮ ነኝ» አለ። «ሱቄ እኮ ነዷል። ዘበኛውን የቀበርኩት እኔ እኮ ነኝ!» ብረቱን ሲያቀብል የነበረው ሰው ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አይደለም! እሱ አይደለም!» ብላ ሠዓሊዋ ጮኸች። «እኔ ነኝ የሣልኩት፣ አሁን፣ ዓይናችሁ ሥር!» ወረቀቱን ከምሰሶው ገንጥላ ቀዳደደችው። ግን ከሰዉ ራስ በላይ ስልኮች ተነሥተዋል፤ ሥዕሉ ከመቀደዱ በፊት ፎቶ ተነሥቷል፣ አሁን እሷ የማታውቃቸው ሰዎች እጅ እየደረሰ ነው። ከሰሉ ጥቁር ነው። ግራጫ አልነበረውም፤ ግራጫ ለማድረግ ጊዜ አልነበራትም።

አቡሽ ተነሥቶ እጇን ያዘ። «እንሂድ» አላት በሹክሹክታ። «አሁን እንሂድ፣ ማንም አያየንም።» እውነቱን ነው፣ ማንም አያያቸውም ነበር። ክቡ ተንቀሳቅሶ ሌላ መሀል አበጅቷል፣ በስተኋላ በኩል መውጫው ክፍት ነው። የፈለገችው ይሄንኑ አልነበር? ወንድሟን ይዛ መውጣት። ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ግዙፉ ሰው በሰዉ ትከሻ መሀል ዓይኗን ፈልጎ አገኛት። ቅድም ሲያጓራ የነበረው ድምፅ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

«እህቴ» አላት። «ንገሪያቸው እንጂ።»

«ሂድ» አለችው ወንድሟን። «ጋሼ ፖሊስ ይዘው እየመጡ ነው፣ ሮጠህ ጥራቸው።»

«አንቺስ?»

«ሂድ አልኩህ!» ገፈተረችው። እንዲህ ገፍትራው አታውቅም። ከሰዉ ወጥቶ በሸራዎቹ መሀል እያነከሰ ሲሮጥ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን መለሰች።

እየተጋፋች ገብታ ቀለም ሻጩ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ ቆመች።  ክንዱን ያዘች፤ በላብ ርሷል። «ይሄ ሰውዬ ምንም አላደረገም» አለች። ድምፅዋ ሰልሎ ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው የሰሟት። «ሥዕሉ ውሸት ነው። ሁለቱም ውሸት ናቸው።»

 ቅድም እግሯን የሳመቻት ሴት ትክ ብላ ታያታለች፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ምስጋና ቦታውን ለቋል።

«መጀመሪያ ወንድሟን አስጣለች» አለች ሴትየዋ። «አሁን ደግሞ ይሄን። ቆይ፣ እሷስ ምንድን ናት?»

ከፊት የቆመው ሰው ስልኩን ከቀለም ሻጩ ላይ አንስቶ ወደ እሷ አዞረው። ሠዓሊዋ ፊቷን አልሸፈነችም።